የምክር ዓምድ፦ በጾም የቆመ የገና ዛፍ

«ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ?

የምጽፍልዎ ከባሕር ዳር ነው። ቤታችን በአንድ የፕላስቲክ ዛፍ የተነሣ ለሁለት ተከፍሏል። ዋርሳዬ ከ14 ዓመት በኋላ ከአሜሪካ ለገና መጣ። በሻንጣው የገና ዛፍ ይዟል፤ ከነመብራቱ። ታኅሣሥ 16 ቀን «ዛሬ የዓለም ገና ነው» ብሎ ሳሎን ውስጥ አቆመው። የሰባት ዓመቱ ልጄ በደስታ ሊያብድ ደረሰ። ሁለቱ ሆነው የአማቴን ባዘቶ ከሙዳዩ አወጡና በረዶ ነው እያሉ ቅርንጫፉ ላይ በማስቲሽ ለጠፉት። ማታ ደግሞ ዋርሳዬ ዶሮ ይታረድ አለ። በጾም! ባሌ ዝም አለ።

አማቴ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ዛፉን አዩ። «ይሄ የፈረንጅ ጣዖት ካልወጣ እኔ እወጣለሁ» አሉ። ዋርሳዬ «እማዬ፣ ዓለም የት ደርሷል፣ እናንተ ገና እዚሁ ናችሁ» ብሎ መለሰላቸው። ባሌ አሁንም ዝም አለ። በማግስቱ አማቴ ነጠላቸውን አጣፍተው በጀልባ ዘጌ እህታቸው ዘንድ ሄዱ። እስካሁን አልተመለሱም። ልጄ ዛፉ ከተነሣ እህል አልቀምስም ይላል። ምን ይሻላል ብዬ ባሌን ብጠይቀው ዝም አለ።

ይባስ ብሎ ጎረቤቴ በስልኳ አንድ ቪዲዮ አሳየችኝ። ገና የጌታ ልደት ሳይሆን የፀሐይ አምላክ በዓል ነበር ይላል። አሁን የእኛም ጭምር ያጠራጥረኝ ጀምሯል። ማንኛቸው ናቸው ትክክል? ዛፉን አውጥቼ ልጣለው?

ግራ የገባኝ ምራት»

እህቴ፣ ደብዳቤሽ የደረሰኝ ታኅሣሥ 19 ነው። አሥር ቀን አለን። ስለዚህ የቸኮለውን ላስቀድም። ዛፉን አትጣዪው። መብራቱን ግን ከሶኬት ንቀዪው። አንሶላ አልብሺና ጥግ አስይዢው። ልጁ ቢያለቅስ «እንደ እኛ እየጾመ ነው፣ በገና ሌሊት ይነሣል» በዪው። ሰባት ዓመት የሞላው ልጅ ይሄ ይገባዋል። አንዳንዴ ከትልቅ ሰው የተሻለ ይገባዋል።

አሁን ወደ ቪዲዮው። እኔም አይቼዋለሁ። ያላየ ሰው ያለም አይመስለኝም፤ በየዓመቱ ታኅሣሥ ሲገባ ከየት እንደሚመጣ እንጃ፣ እንደ አደይ አበባ ወቅቱን ጠብቆ ብቅ ይላል።

ሰውዬው ሙሉ በሙሉ አልዋሸም። የሮም ንጉሠ ነገሥት አውሬልያን እ.ኤ.አ. በ274 «ለማይሸነፈው ፀሐይ» ቤተ መቅደስ አቁሟል። ይሄ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ354 ሮም ውስጥ የተዘጋጀ አንድ የቀን መቁጠሪያ ደግሞ አለ። እሱ ላይ ዲሴምበር 25 «የማይሸነፈው» ልደት ተብሎ ተጽፏል። ይሄም እውነት ነው። ቪዲዮው የሚያልቀው እዚህ ላይ ነው። ሰነዱ ግን አያልቅም። እዚያው ጥራዝ ውስጥ፣ ሌላ ቦታ ላይ፣ ክርስቶስ በዚሁ ቀን በይሁዳ ቤተ ልሔም እንደተወለደ ሰፍሯል። ይሄኛው ክፍል መጀመሪያ የተጻፈው እንዲያውም በ336 ገደማ ነው ይባላል። ታዲያ ማን ከማን ወሰደ? ሁለቱም ቀን በመጀመሪያ ተጽፈው የሚገኙት አንድ ሰነድ ላይ ነው። «ክርስቲያኖቹ ሰረቁት» ብሎ የሚምል ሰው የሚምለው ባላየው ነገር ነው።

ቀኑን ወደዚያ ያመጣ ሌላ መንገድም አለ። እኔን ይበልጥ የሚያሳምነኝ እሱ ነው። የጥንት ክርስቲያኖች ጌታ የተፀነሰበትና የተሰቀለበት ቀን አንድ ነው የሚል አሳብ ነበራቸው። አውግስጢኖስ በግልጽ ጽፎታል፤ ቀኑ ማርች 25 ነው። ከዚያ ዘጠኝ ወር ስትቆጥሪ ዲሴምበር 25 ላይ ትደርሻለሽ። ፀሐይም ጨረቃም አያስፈልግም። ነፍሰ ጡር ሴት ቀኗን እንደምትቆጥረው ነው የተቆጠረው።

አሁን የእኛን እንይ። ወረቀት አያስፈልግሽም፣ ጣትሽ ይበቃል። መጋቢት 29 ምንድን ነው? አማትሽ ሳያስቡ ይመልሱልሻል፦ ገብርኤል እመቤታችንን ያበሠረበት፣ ፅንሰቱ። ከመጋቢት 29 እስከ ነሐሴ 29 አምስት ወር ነው። ከነሐሴ 29 እስከ መስከረም 29 አንድ ወር፣ በመካከሉ ግን አምስቷ ጳጉሜን አለች። እሷን ለብቻ ያዣት። ከመስከረም 29 እስከ ታኅሣሥ 29 ሦስት ወር። ድምሩ ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን። 275 ቀን። አማትሽ «ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን በማኅፀንዋ ተሸክማ» ሲሉ ሰምተሻል አይደል? ለወግ የሚባል ቃል እንዳይመስልሽ። ሒሳብ ነው።

አሁን ደግሞ እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝን ስሚ። በየአራት ዓመቱ ጳጉሜን ስድስት ትሆናለች። ያኔ ቆጠራው ወደ 276 ሊያልፍ ነው። ቤተ ክርስቲያን ምን ታደርጋለች? በሚቀጥለው ዓመት፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ ገናን አንድ ቀን ወደ ኋላ ስባ ታኅሣሥ 28 ታከብራለች። 275ቷ እንዳትዛነፍ። ለ2016 ያደረግነው እንደዚያ ነበር። ብዙ ሰው «ዘንድሮ ገና ለምን በ28 ሆነ?» እያለ ግራ ይጋባል፣ በዓሉ ሲያልፍ ይረሳዋል። ምክንያቱ ይሄው ነው። የሚጠበቀው ከብሥራቱ ጀምሮ ያለው ቀን ነው። ይሄን ለጎረቤትሽ ንገሪያት። ቪዲዮ ትሥራበት።

«የዓለም ገና» የሚለው የዋርሳሽ አባባል ግን ትንሽ አስቆኛል። ቀኑ አንድ ነው። የተለያየው መቁጠሪያው ነው። እ.ኤ.አ. በ1582 ጳጳሱ ጎርጎርዮስ 13ኛ የድሮው የዩልዮስ መቁጠሪያ ከወቅቶች ጋር መራራቁን አይተው አሥር ቀን አዘለሉ። ኦክቶበር 4 የተኛ ሰው ሲነቃ ኦክቶበር 15 ሆነ። ልዩነቱ እየሰፋ ሄዶ አሁን 13 ቀን ደርሷል። በድሮው መቁጠሪያ የቆየ ሰው ዲሴምበር 25 ሲል በአዲሱ ጃንዋሪ 7 ይሆናል። የእኛ ታኅሣሥ 29 ያው ነው። ግብጾችም ከእኛ ጋር ናቸው። ሩስያና ሰርቢያም። አርመኖች ደግሞ ልደትንና ጥምቀትን በአንድ ላይ ጃንዋሪ 6 ያከብራሉ፤ በምሥራቅ ብዙ ቦታ የጥንቱ ልማድ እሱ ነበር። ዮሐንስ አፈወርቅ በ380ዎቹ በአንጾኪያ ሲሰብክ፣ የዲሴምበር 25 በዓል ወደዚያ አገር ከመጣ ገና አሥር ዓመት እንዳልሞላው ተናግሯል። አየሽ፣ ያኔ አንጾኪያ ውስጥም «ይሄ አዲስ ነገር ከየት መጣ» የሚሉ አማቶች ነበሩ ማለት ነው።

ዋርሳሽ ላይ ግን አትፍረጂበት። እዚያ አገር ጃንዋሪ 7 የሥራ ቀን ነው። ሰው ቅዳሴ አድሮ ጠዋት ፈረቃ ይገባል። ዕረፍት ያለው፣ ልጆች ቤት የሚውሉት፣ መንገዱ በመብራት የሚያሸበርቀው ዲሴምበር 25 ነው። 14 ዓመት እንደዚያ የኖረ ሰው ልቡ በሁለቱም ቀን ይመታል። ዛፉን በሻንጣ ተሸክሞ የመጣው እናቱን ሊያስቀይም አይመስለኝም። ስጦታ መስሎት ነው። ዶሮው ግን ሌላ ነገር ነው። እናቱ ከኅዳር 15 ጀምሮ እየጾሙ፣ እሳቸው በሚኖሩበት ቤት ወጥ ይሠራ ማለት ነውር ነው። ካማረው በከተማው ሆቴል ሞልቷል።

«የፈረንጅ ጣዖት» ወደሚለው ልምጣ። አማትሽ ይሄን የሰሙት ከሰባኪ ሳይሆን አይቀርም። ብዙዎቹ ኤርምያስ ምዕራፍ 10ን ይጠቅሳሉ፤ ዛፍ ከዱር ተቆርጦ በብርና በወርቅ ይሸለማል የሚለውን። ነቢዩ የሚናገረው ሰው ጠርቦ ስለሚሰግድለት ምስል ነው። የገና ዛፍ ደግሞ የመጣው ከነቢዩ ሁለት ሺህ ዓመት አልፎ ነው። ቤትሽ ያለውን ዛፍ እስካሁን የሰገደለት ሰው ካለ ንገሪኝ፣ አሳቤን እቀይራለሁ።

ዛፉ የመጣው ከጀርመን አገር ነው። ታሪኩን አማትሽ ቢሰሙት የሚወዱት ይመስለኛል። በመካከለኛው ዘመን እዚያ ዲሴምበር 24፣ የገና ዋዜማ፣ የአዳምና የሔዋን ቀን ነበር። የአዳምን ታሪክ በቲያትር ያሳያሉ። ለዚያ የገነት ዛፍ ያስፈልጋል። በብርዱ ወራት የፖም ዛፍ ቅጠሉ ረግፎ አፅሙ ይቀራል። ስለዚህ አረንጓዴነቱን የማይለቀውን ጥድ ያመጡና ፖም ያንጠለጥሉበታል። ቀዩ ኳስ የዚያ ፖም ልጅ ነው። ቀስ በቀስ ዛፉ ከመድረክ ወደ ቤት ገባ። እ.ኤ.አ. በ1605 ስለ ስትራስቡርግ ከተማ የተጻፈ ማስታወሻ፣ ሰዎች ጥድ ሳሎናቸው አቁመው በወረቀት ጽጌረዳ፣ በፖም፣ በስስ ቂጣና በጣፋጭ እንደሚያስጌጡ ይናገራል። ለእንግሊዝ ሕዝብ ያስወደደችው ንግሥት ቪክቶሪያ ናት፤ ባሏ አልበርት ጀርመናዊ ነበር፣ ከነዛፋቸው የተሣለው ሥዕል በ1848 በጋዜጣ ወጣ። የኤሌክትሪክ መብራት ደግሞ በ1882 ኒው ዮርክ ውስጥ ተሰቀለበት፤ የሰቀለው ከኤዲሰን ጋር የሚሠራ ጆንሰን የሚባል ሰው ነው።

አሁን ይሄን ወደ አማትሽ ቋንቋ መልሺው። አዳም ከገነት ሲወጣ ምን ተስፋ ተሰጠው? «አምስት ቀን ተኩል ሲፈጸም ከልጅ ልጅህ ተወልጄ አድንሃለሁ።» አምስት ሺህ አምስት መቶ ዓመት። ይሄን እሳቸው ከኔም ካንቺም አሳምረው ያውቁታል። ጾሙ ራሱ ጾመ ነቢያት የተባለው ያን ተስፋ የጠበቁት ነቢያት ስለጾሙት ነው። የጀርመን ገበሬ በገና ዋዜማ የአዳምን ዛፍ ያቆመው ከዚሁ አሳብ ተነሥቶ ነው፤ አዳም የጠበቀው ነገ ሊወለድ ነው ብሎ። እንግዲህ አማትሽ ይሄን ሰምተውም «አይጥመኝም» ሊሉ ይችላሉ። መብታቸው ነው። እኔም ፕላስቲክ አይጥመኝም።

ሌላም ንገሪያቸው፤ ይሄስ ያስደስታቸዋል። እሳቸው ያሉትን ፈረንጆቹ ራሳቸው ከ350 ዓመት በላይ ቀድመው ብለውታል። ፒዩሪታን የሚባሉ አጥባቂ ፕሮቴስታንቶች ገና የአረማውያን ልማድ ነው፣ ስካርና ጭፈራ ነው ብለው ተነሡ። የእንግሊዝ ፓርላማ በ1647 በዓሉን ሻረው። አሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ ውስጥ፣ ከ1659 እስከ 1681 ገናን ሲያከብር የተገኘ ሰው አምስት ሺሊንግ ይቀጣ ነበር። ዋርሳሽ የመጣበት አገር ማለት ነው! እነሱ ግን ከዛፉ ጋር አልነበረም ጠባቸው፤ ዛፍ ገና አልደረሰባቸውም። በዓሉን ነበር ከነሥሩ የነቀሉት። አማትሽ እንደዚያ አይፈልጉም።

ልጁ ነገ ከነገ ወዲያ ስለ የገና አባት መጠየቁ አይቀርም። ባጭሩ፦ የዛሬ ቱርክ ውስጥ፣ ሜራ በምትባል ከተማ፣ በ4ኛው መቶ ዘመን የነበረ ኒቆላዎስ የሚባል ጳጳስ ነው። ለሦስት ድሃ ልጃገረዶች በሌሊት ወርቅ ጥሎላቸው ሄደ ይባላል። በእኛም ስንክሳር ታኅሣሥ 10 ይታሰባል። ሆላንዶች ወደ አሜሪካ ይዘውት ሄዱ፣ ስሙ ተቀየረ፣ በ1823 በወጣ አንድ ግጥም ስምንት አጋዘን ተጠመደለት፣ ከ1863 ጀምሮ የጋዜጣ ሠዓሊው ናስት ከነሆዱ ከነጺሙ ሣለው። ቀዩን ልብስ ኮካ ኮላ ነው ያለበሰው የሚባለው ልክ አይደለም፤ የእነሱ ማስታወቂያ የወጣው በ1931 ነው፣ ሰውዬው ከዚያ በፊትም ቀይ ለብሶ ተሥሏል። በቃ፣ ስለሱ ይሄ ይበቃል።

ስለ ዋርሳሽ ሳስብ ራሴን አየሁት። እኔም አንድ ጊዜ እንደሱ ብልጥ ሆኜ ነበር። ተማሪ ሳለሁ ለገና ቤት መጣሁና ለአያቴ «ገና የሚለው ቃል እኮ የእኛ አይደለም፤ ከግሪክ ነው የመጣው፣ ልደት ማለት ነው» አልኳት። ድፎ ዳቦዋን ኮባ እያለበሰች ነበር። እጇ እስከ ክንዷ ሊጥ ነው። ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። «ታዲያ ይሄን ሊጥ ግሪኩ ነው ያቦካው?» አለችኝ። እስከ ማታ ሌላ ነገር አልተናገርኩም።

የልጅሽን ለቅሶ ደግሞ እንደ ጥጋብ አትቁጠሪው። እስቲ አስቢው፣ የዛሬ ከተማ ልጅ በገና የራሱ የሚለው ምን አለው? በጉን ትልልቆቹ ያርዱታል። ቅርጫውን አባቶች ይካፈሉታል። ዶሮውን እናቶች ይሠሩታል። እሱ እጁን ታጥቦ ይበላል። ከዚያ ቴሌቪዥን። ዛፉ በእጁ የሚነካው፣ የሚያስጌጠው፣ የራሱ የሚለው የመጀመሪያው የገና ነገር ሆነበት። ለዚያ ነው የሙጥኝ ያለው።

እኛ ልጆች ሳለን የራሳችን ነገር ነበረን። የገና ጨዋታ። ከታኅሣሥ መግቢያ ጀምሮ ጫፉ ቆልመም ያለ የወይራ ቅርንጫፍ ፍለጋ እንወጣለን። ቆርጠን፣ ልጠን፣ እሳት ላይ ሞቅ አድርገን እናቃናዋለን። ጥንጓ ከእንጨት የተጠረበች ነበረች፤ የተሻለ የደረሰው በጠፍር የተሠራች ይኖረዋል። ሜዳው ለሁለት ይከፈላል፣ ቁጥር የለ፣ ዳኛ የለ፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ ነው። እረኞቹ ልደቱን ከመላእክት ሲሰሙ በደስታ በያዙት በትር ጥንግ መቱ፤ ጨዋታው ከዚያ ጀመረ ይሉናል አባቶች። እኔ የፊት ጥርሴ ጫፍ የለውም። የመታኝ የጎረቤታችን እረኛ ነበር፣ በዱላው ሳይሆን በክርኑ። አባቴ በቁጣ ብድግ ሲል አያቴ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» አለችው። ተመልሶ ተቀመጠ። ተረቱ የተሠራው ለእንደዚያ ዓይነት ቀን ነው።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር። ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሁለት ነገር አገኘሁበት፤ አንዱንም አልጠየቅሽኝም።

አንደኛው ባልሽ ነው። ዶሮ ይታረድ ሲባል አንድ ጊዜ፣ እናቱ ሲቆጡ አንድ ጊዜ፣ አንቺ ስትጠይቂው አንድ ጊዜ። ሦስቴም «ዝም አለ» ብለሻል። እናት የእሱ ናቸው። ወንድምም የእሱ ነው። መካከል ላይ የተተውሽው ግን አንቺ፣ ምራቲቱ። ዛፉን አንቺ ብታወጪው ዋርሳሽ ይቀየምሻል። ብትተዪው አማትሽ «ምራቴ ናት ያስወጣችኝ» ይላሉ። ይሄ የአንቺ ዕዳ አይደለም። ይሄን ጽሑፍ አንብቢለት፤ እዚህ መስመር ላይ ስትደርሺ ቀና ብለሽ እየው።

ሁለተኛው ባዘቶው ነው። አንቺ እግረ መንገድሽን ነው ያነሣሽው። እኔ ግን ከዛፉ ይልቅ እሱ ላይ ቆምኩ። ባዘቶ እንዴት እንደሚገኝ ዋርሳሽ ረስቶታል፣ ልጅሽ አያውቀውም። ፍሬው አንድ በአንድ ይዳመጣል። ከዚያ በደጋን ይነደፋል፣ እንደ ደመና እስኪሆን። ከዚያ በሙዳይ ይቀመጣል፤ አቧራ እንዳይነካው። እኚህ ሴት በጾም፣ ከቅዳሴ መልስ፣ እንዝርታቸውን ይዘው ሊቀመጡበት ያዘጋጁት ነው። ምን ሊፈትሉበት እንደነበር ጠይቀሽ ታውቂያለሽ? ለልጁ ይመስለኛል። ጋቢ ወይ ኩታ። ለገና ባይደርስ ለጥምቀት። ያን ሁሉ ድካም «በረዶ ነው» ተብሎ በማስቲሽ ተለጥፎ አገኙት። በረዶ ደግሞ ቤተ ልሔም ውስጥም እንደ ልብ አይገኝም፤ የሰሜን አውሮፓ ብርድ ነው በካርድ ላይ ተሥሎ የመጣብን። አማትሽ «ባዘቶዬን!» ብለው ቢጮኹ ሰው በጥጥ ይጣላል ወይ ብሎ ይስቅባቸዋል። «ጣዖት» ሲሉ ግን ማንም አይስቅም። ስለዚህ ጣዖት አሉ። እኔ የገባኝ እንደዚህ ነው። ልሳሳት እችላለሁ፣ ግን ሄዳችሁ አረጋግጡ።

እንዲህ አድርጉ። ባልሽ ይቅደም፤ ዘጌ የሚሄደው እሱ ነው፣ አንቺና ልጁ አብራችሁ። ዋርሳሽም ይምጣ። እንደ ደረሰ ጉልበት ስሞ ይቅርታ ይበል፣ ስለ ዛፉ ሳይሆን ስለ ዶሮውና ስለ «እናንተ ገና እዚሁ ናችሁ»። ስለ ዛፉ እሳቸው እስኪያነሡት ማንም አያንሣው። ባዶ እጃችሁን አትሂዱ፤ ግን ቡና ይዛችሁ እንዳትሄዱ፣ ወደ ዘጌ ቡና መሸከም መሳቂያ መሆን ነው። ስኳር ይበቃል።

እርቁ ካለቀ በኋላ ልጁን አያቱ ይዘውት ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ይውጡ። እዚያ ሴት አይከለከልም፤ አንቺም ግቢ። በመቅደሱ ግድግዳ ላይ የእመቤታችንን ታሪክ ያሳዩት። ስለ በሬውና ስለ አህያው ይንገሩት፣ በትንፋሻቸው ስላሟሟቁት። ይሄ በሉቃስ ወንጌል ውስጥ በቀጥታ የለም፤ ኢሳይያስ «በሬ የገዢውን፣ አህያም የጌታውን ጋጣ አወቀ» ካለው ነው ሰዉ አያይዞ የሣለው። ፈረንጆቹም በ1223 ፍራንቸስኮስ ዘአሲዚ እውነተኛ በሬና አህያ ዋሻ ውስጥ አስገብቶ ልደቱን አሳይቷቸዋል። ከዚያ ደግሞ ወደ ሐይቁ ዞር አድርገው፣ በስደቱ ጊዜ እመቤታችን ልጇን ይዛ ጣና ቂርቆስ ሦስት ወር ከአሥር ቀን ተቀመጠች የሚለውን ይንገሩት። የአገራችን ትውፊት ነው። የባሕር ዳር ልጅ ይሄን ከአያቱ አፍ፣ ውኃው ዳር ቆሞ ካልሰማ ከየት ሊሰማ ነው? ዛፉ የሚሰጠው መብራት ነው። ይሄን አይሰጠውም።

ለዋርሳሽ ሥራ ስጡት። ሥራ የፈታ እንግዳ ነው ነገር የሚያመጣው። የወይራ ቅርንጫፍ ፈልጎ፣ ልጦ፣ ለልጁ የገና ዱላ ይሥራለት። እጁ አልረሳ ከሆነ በሁለት ቀን ያደርሰዋል። የቅርጫውንም ነገር እሱ ይያዘው፤ ዶላሩም እግረ መንገዱን ይረዳል። በገና ሌሊት ከቅዳሴ ስትመለሱ አንሶላው ይነሣ። መብራቱን ማን እንደሚሰካው አማትሽ ይወስኑ። አይሆንም ካሉ አይሆንም፤ ዋርሳሽ ሲመለስ በሻንጣው ይዞት ይሂድ። ግን የልጅ ልጃቸው ዓይን ዓይናቸውን እያየ እምቢ የሚሉ አይመስለኝም።

ማስቲሽ የነካውን ባዘቶ እንዳትመልሺላቸው። ተጠርጎም አይሆንም፣ ክሩ ይበጣጠሳል። ገበያ ውጪና አዲስ ጥጥ ግዢ። ፍሬውን ልጁና አጎቱ ተቀምጠው ይዳምጡት፤ ግማሽ ቀን ይፈጃል፣ ጣታቸው ይላጥ። ካስነደፋችሁ በኋላ ሙዳዩ ውስጥ መልሱት፣ ሙዳዩን ልጁ ራሱ ይሸከም። ጀልባ ላይ ክዳኑን ጥብቅ አድርጎ ይያዝ። ሐይቁ ጠዋት ጠዋት ጸጥ ይላል፣ ከሰዓት ግን ነፋስ ይነሣል። በጠዋቱ ተሳፈሩ።